ከበሩ ወዲያ የመለሰው ድምፅ

ዋና ሳጅን አምሳል ወደ ሩዝ መፈልፈያው ቤት የተጠጋችው ውኃ የከበባቸውን ሰዎች ለማውጣት እንጂ ሬሳ ለማየት አልነበረም። የርብ ወንዝ ከሞላ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከወረታ ወጣ ብሎ ያለው የፎገራ ሜዳ ከነማሳው፣ ከነአጥሩ፣ ከነመንገዱ አንድ ውኃ ሆኗል። ከባለጀልባው ከማረው ጋር ጣራ ላይ የወጡ ሰዎችን ወደ አስፋልቱ ስታመላልስ ውላ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አንዲት ወጣት በመፈልፈያው ቤት ፎቅ መስኮት ብቅ ብላ ስትጮህ ሰማች።

«ሰው ሞቶብናል! ኧረ ድረሱልን!»

ማረው መቅዘፊያውን ገታ አደረገ። «እነዚያ የካርቱን ልጆች ናቸው» አለ። «አራት ናቸው። የባለቤቱ የአቶ ሳልህ ልጅ ሙሰብ ፎቁን ሰጥቷቸው፣ ኮምፒውተር ላይ ሰው ሲሠሩ ነው የሚውሉት።»

«የምን ሰው?»

«የጌም ሰው ነዋ፣ ሳጅን። የሚዋጋ፣ የሚያርስ።»

ጀልባዋ ላይ አንዲት አራስና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ከደረጃው እርከኖች ከውኃ በላይ የቀሩት አምስት ብቻ ናቸው። አምሳል አንዱ ላይ ወርዳ «እነዚህን አድርስና ተመለስ» አለችው።

«አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። እስከዚያ ከዚህ ቤት መውጫ የለዎትም።»

«ሌላውም የለውም» አለች አምሳል።

ሟቹ አንለይ የሚባል የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበር። በኮሪደሩ ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከጠረጴዛው አጠገብ በጀርባው ተዘርግቷል። ቀኝ እጁ ላስቲኩ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ጨብጧል። ማጅራቱ ሥር ደም ረግቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ተከፍቶ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆሟል።

ሦስቱ ወጣቶች በሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ። የጮኸችው ፀደይ ናት፤ የአንለይ እጮኛ ስትሆን የሞደሎቹን፣ ማለትም የጌም ሰዎቹን፣ ልብስና ቆዳ የምትስለው እሷ ነበረች። ሙሰብ ያለቁትን ሞደሎች ጌሙ ውስጥ ያስገባል። ሦስተኛው ሰውመሆን ባየህ ድምፅና ቪዲዮ ይቀርጻል፤ አንለይ ሞደሎቹን የሚያራምደው፣ የሚያሳጭደው የእሱን ቪዲዮ እያየ ነበር።

«ኤሌክትሪክ ነው የገደለው» አለ ሰውመሆን። «ይዞት ወደ ኋላ ወረወረው፤ ማጅራቱን ጠረጴዛው መታው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብቼ ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

አምሳል ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የሟቹን ጣቶች አላቅቃ መዳፉን አየችው፤ አልተቃጠለም፣ አልጠቆረም። መንጋጋውን ነካች፤ ደርቋል። ክንዱን ለማጠፍ ሞከረች፤ አልታጠፍ አለ። ከዚያ ተነሥታ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቷ ጠረገችው። በዚህ ቤት ከሥር ሩዝ ስለሚፈለፈል የዕብቅ ብናኝ ያልለበሰ ዕቃ የለም። የጠረጴዛው ጠርዝም አቧራው እንዳለ ነው፤ ሰው የመታበት ምልክት የለውም። ጥግ ላይ የቆመው የካሜራ ማቆሚያ ሦስት የብረት እግሮች አሉት፤ ሁለቱ ብናኝ ለብሰዋል። ሦስተኛው ታጥቦ ያበራል።

ሬሳውን በአንሶላ ሸፈነችው። «አንድ በአንድ አነጋግራችኋለሁ» አለች። «ከዚህ ክፍል ምንም ነገር አይነሣ።»

ፀደይ በኮሪደሩ መስኮት አጠገብ ቆማ ዓይኗን በሻርፗ ትጠርጋለች።

«በሕይወት ያየሽው መቼ ነው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ። ውኃው ወደ ውስጥ ሲገባ እኔና ሙሰብ የሩዙን ጆንያ ከፍ ለማድረግ ወረድን። ሰውመሆን ጣራው የሚያፈስበትን ልድፈን ብሎ እላይ ቀረ። ሰባት ሰዓት ላይ ወርዶ አገዘን፤ ከዚያ ወዲያ ከእኛ አልተለየም።»

«አንቺስ?»

«ሰባት ተኩል ላይ ሰውመሆን ‹አንለይ እኮ ምሳ አልበላም› ሲለኝ ይዤለት ወጣሁ። ሥራ ሲይዝ በሩ ሲከፈትበት አይወድም። አንኳኩቼ ‹እኔ ነኝ፣ ምሳ አምጥቻለሁ› አልኩት። ቆይቶ ቆይቶ ‹ቆዩ እባካችሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ› አለኝ። ሳህኑን በሩ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ።»

«ብቻሽን ነበርሽ?»

«ብቻዬን።»

«በደህናው ቀን ምን ብሎ ነው የሚጠራሽ?»

«ፀዲ ነው የሚለኝ።» ሻርፗን ወደ ዓይኗ መለሰች። «ተኳርፈን ነበር። ትናንት መንገዱ ሳይዘጋ ወረታ እንግባ ስለው፣ ገበሬውን ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም አለኝ። ለአንድ የጌም ገበሬ ብሎ እዚህ አስቀረን።»

ሙሰብ ሲጠየቅ ዓይኑ ደረጃው ላይ ነበር። ከውኃ በላይ የቀሩት እርከኖች አሁን አራት ሆነዋል።

«ስምንት ሰዓት ላይ ጆንያ እንዲይዝልኝ ልጠራው ወጣሁ» አለ። «ደጋግሜ ብጠራው ዝም አለኝ። ትቼው ልሄድ ስል ጉሮሮውን ጠርጎ ‹ቆዩ እባካችሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ› አለ።»

«በዚሁ ቃል?»

«በዚሁ ቃል። እኛ ውኃ ውስጥ ቆመን እሱ ሥራ ላይ ነኝ ሲል ተናደድኩ፤ ትቼው ወረድኩ። እንዲህ መሆኑን ባውቅማ...»

«ጄኔሬተሩ እስከ ስንት ሰዓት ሠራ?»

«እስከ ስምንት ተኩል። ነዳጁ እያለቀ ስለነበር እኔ በሰባት ሰዓት ላጠፋው ፈልጌ ነበር። ሰውመሆን ‹ላፕቶፑ ባትሪ አይዝም፣ አንለይ ሥራው ይጠፋበታል› ብሎ አስተወኝ።»

«የምትሠሯቸው ሰዎች ይናገራሉ?»

ሙሰብ ግራ ገባው። «አዎ፣ ሲነኳቸው ይናገራሉ። አንዳንዶቹ ሥራ ሳይታዘዙ ከቆዩም በየጊዜው አንድ ነገር ይላሉ።»

«ገበሬውስ?»

«እሱ ገና ነው። ድምፁ አልተቀዳም ብሎኛል ሰውመሆን። ለእኔም አልደረሰኝም።»

ሰውመሆን ለመጨረሻ ተጠራ። ቁጭ በል ብትለውም አልተቀመጠም፤ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይመላለሳል።

«ከዚህ ቤት ለመውጣት ቸኩለሃል» አለችው።

«ከዚህ ቤት ብቻ? ክረምት ሲመጣ ውኃው፣ በጋ ሲመጣ ሥራ ማጣቱ። ስድስት ዓመት እዚሁ ስዞር ኖሬያለሁ።» ቆም አለ። «ብቻ ተገላገልኩ። ለመስከረም አዲስ አበባ አንድ የጌም ድርጅት ቀጥሮኛል።»

«በድምፅ ቀራጭነት?»

«በአኒሜሽን።»

«አኒሜሽኑን የሚሠራው አንለይ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም እሠራለሁ» አለ፤ ድምፁ ግን ቀንሶ ነበር።

አምሳል ወደ ሙሰብ ዞር ብላ ጄኔሬተሩን በቀረው ነዳጅ እንዲያስነሣ፣ ላፕቶፑንም ወደ ትልቁ ክፍል እንዲያመጣው አዘዘችው። ሰውመሆን «ነዳጁ ይቆጠብ እንጂ» አለ። ማንም አልሰማውም።

ላፕቶፑ ሲበራ ሙሰብ ለአምሳል የፋይሎቹን ዝርዝር አሳያት። አንዱን ከፍታ ዝም ብላ አነበበችውና ዘጋችው። ቀጥሎ ጌሙ ተከፈተ። ሙሰብ ወዲያው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ገበሬው ገብቷል! እኔ እኮ አላስገባሁትም! ጌሙ መጨረሻ የተከፈተው ዛሬ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ነው ይላል።»

«ገበሬውን አውጣውና እጅህን ከላፕቶፑ ላይ አንሣ» አለች አምሳል።

የውኃ ማሳ ላይ አንድ ገበሬ ብቅ አለ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል፤ ማጭድ ይዟል። ግራ ትከሻውን ከፍ አድርጎ፣ ጭቃውን በተረከዙ እየፈተሸ ጥቂት ተራመደና ቆመ። ፀደይ የሳለችው ፊት ነው፤ አካሄዱን ግን እንዲህ ሲንቀሳቀስ አይታው አታውቅም። ሰውመሆን ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ጠበቁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጄኔሬተሩ ያጓራል። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ገበሬው ላቡን በክንዱ ጠረገ፤ ጉሮሮውንም ጠረገ።

«ቆዩ እባካችሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

የአንለይ ድምፅ ነው። ፀደይ ጮኻ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሙሰብ «ያ ረቢ!» ብሎ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ከበሩ ወዲያ የመለሰላችሁ ይህ ነው» አለች አምሳል። «ፀደይ፣ ብቻሽን ሆነሽ እኔ ነኝ ብለሽው ነበር። አንለይ በሕይወት ቢኖር፣ ቢያኮርፍሽ እንኳን፣ ‹ቆዪ› ይልሻል እንጂ ‹ቆዩ እባካችሁ› አይልሽም። ለሙሰብም ‹ቆይ› ይለዋል። ሁለታችሁንም በብዙ ቁጥር ያናገራችሁ፣ የሚጫወተው ሴት ይሁን ወንድ፣ ትንሽ ይሁን ትልቅ ለማያውቅ የጌም ሰው የተቀዳ ቃል ስለሆነ ነው። ሁለታችሁም መልስ ያገኛችሁት ቆይቶ ነው፤ በየአምስት ደቂቃው ነዋ የሚናገረው። በመሐል የሚለውን በዚህ ዝናብና በዚህ ጄኔሬተር ከታች ማን ይሰማዋል?»

«እና አንለይ...» አለ ሙሰብ።

«ያኔ ሞቷል። እኔ አሥር ሰዓት ላይ ስደርስ መንጋጋው ብቻ ሳይሆን ክንዱም ደርቆ ነበር፤ በስምንት ሰዓት የተናገረ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲህ አይሆንም። መዳፉ አልተቃጠለም፤ ኤሌክትሪክ አልያዘውም። ጠረጴዛው አልመታውም፤ ብናኙ አልተነካም። የካሜራ ማቆሚያው አንድ እግር ግን ታጥቧል። የሞተው በስድስትና በሰባት ሰዓት መካከል ነው። በዚያች ሰዓት እናንተ ታች ነበራችሁ። እላይ ከእሱ ጋር የነበረው አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ዞሩ። ሰውመሆን አሁንም ግድግዳውን ያያል።

«ድምፁን የቀዳኸው አንተ ነህ፤ ለሙሰብ ግን አልተቀዳም አልከው። ጄኔሬተሩ እንዳይጠፋ ያደረግኸው፣ ፀደይን ምሳ ይዘሽ ሂጂ ያልካት፣ ከእነሱ ጋር ሆነህ አንለይ በሕይወት እንዳለ እንዲሰሙ ነው። ቀድመህ ገብተህ ያገኘኸውም ጌሙ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ነበር።»

ሰውመሆን ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወደ ደረጃው ሮጠ። አምሳል አልተከተለችውም። ሦስት እርከን ቀርቷል፤ ከዚያ በታች ድፍርስ ውኃ ነው። ቆሞ አየው፤ ዋና አይችልም። ቀስ ብሎ ተመለሰና በሩ ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ ነው» አለ። «ሲሄድ ያያችሁት አባቴ ነው። ከመሞቱ በፊት ሲያጭድ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። አንለይ ለሞደሉ አጥንት ሠርቶ አራመደው፤ እኔ ግን ሳየው አባቴን ነበር የማየው። ገና ሳይጨረስ የእኔ ሥራ ነው ብዬ ለድርጅቱ ላክሁት፤ ቀጠሩኝ። ዛሬ አንለይ ደረሰበት። ‹ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ፣ ኔትወርክ ሲመለስ ይሄዳል› አለኝ። ኔትወርኩ እስኪመለስ ነበር ጊዜ ያለኝ። ተወኝ ብዬ ለመንኩት። ፊቱን መልሶ ሥራውን ቀጠለ። ያኔ ነው ብረቱን ያነሣሁት።»

«ደብዳቤውን አንብበኸዋል?»

«ምን ያስነብበኛል? ሊያዋርደኝ የጻፈውን?»

አምሳል ቀደም ብላ ያነበበችውን ፋይል መልሳ ከፈተችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «‹ሰውመሆን የላከላችሁን ሞደል የሠራሁት እኔ ነኝ። የእንቅስቃሴው ነፍስ ግን ከእሱ ቪዲዮ የመጣ ነው፤ እንደ እሱ የሰው አካሄድ የሚያይ ዓይን አላየሁም። የሁለታችን ሥራ መሆኑን እወቁና ቅጥሩን አታፍርሱበት። እኔ እዚህ ብቆይ አይከፋኝም፤ እሱ ግን ካልወጣ ይታመምብናል።›»

ሰውመሆን ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ተኮራመተ።

ነዳጁ አለቀና ጄኔሬተሩ ዝም አለ። ማረው ሲመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ጀልባዋ ሁሉንም አትችልም። ሬሳውን፣ ፀደይንና ሙሰብን ይዞ ቀድሞ እንዲሄድ፣ አምሳልና እጁ በገመድ የታሰረው ሰውመሆን ሁለተኛውን ምልልስ እንዲጠብቁ ተወሰነ። በአንሶላ የተጠቀለለውን ሬሳ ሲያወርዱ ፀደይ አላለቀሰችም። ላፕቶፑን በላስቲክ ጠቅልላ ጉያዋ ሥር ይዛዋለች።

ሙሰብ ጀልባዋ ላይ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ ጠየቃት። «ፀደይ፣ ገበሬውን ስናወጣው የሠሪ ስም ይጻፋል። ምን ልበል?»

ወደ ደረጃው አየች። ሰውመሆን የመጨረሻው እርከን ላይ፣ ውኃው ጫማውን እየነካው ተቀምጧል።

«አንለይ በል» አለች። «ከሥሩ ደግሞ ባየህ በል። የአባትየውን ስም ብቻ፤ ሰውመሆን እንዳትል።»

ሰውመሆን ሰማት። ማረው መቅዘፊያውን ውኃው ውስጥ ነከረ።