የሞጣው ስለት

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ጤና መኮንኑ ደግሞ ጠየቀ።

«ምንም የለ። ጠበል ብቻ» አለች ፈንታነሽ፤ ከብርድ ልብሱ ሥር የልጇን እጅ ጨበጥ አድርጋ።

ወይንእሸት አንገቷን ደፋች። እናቷ በየወሩ ጊዮርጊስ ሲቃረብ «ስለት አለብኝ» እያለች ከብቸና ሞጣ ትሄዳለች። መንደርተኛው በመንፈሳዊነቷ ይቀናል። እውነቱ ግን የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን የምትቀበለው እዚያ መሆኑ ነው፤ ብቸና የሚያውቃት ሰው ይበዛላ! ብልቃጡ እየተንኳኳ እንዳያጋልጣት ክኒኑን በጨርቅ የምትቋጥርላት ወይንእሸት ናት። «ከተናገርኩ ጊዮርጊስ ይፋረደኝ» ብላም ምላለች።

ከጥቂት ሳምንት ወዲህ እናቷ ውኃ አይበቃት፣ ጓሮ ስትመላለስ ታድር፣ ሥጋዋ ከላይዋ አለቀ። ዛሬ ጠላ ስትቀዳ ወደቀች። ተሸክመው ካመጧት አንዷ፣ ጎረቤታቸው እትዬ ሀብትነሽ፣ አሁንም ከግርጌ ተቀምጠዋል። እሳቸው ፊት መናገር ለገበያው ሁሉ መናገር ነው። ከዚያ ወዲያ የፈንታነሽን ጠላ ማን ይቀምሳል?

«ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል» አለ ጤና መኮንኑ። «ቆሽትዎ ኢንሱሊን ማመንጨት አቅቶት ይሆናል። አንዳንዴ ሌላ በሽታ፣ አንዳንዴም የሚወስዱት መድኃኒት ያመጣዋል። ምክንያቱን ሳላውቅ መርፌ ብቻ ሰጥቼ ብሸኝዎት፣ ተመልሰው ይወድቃሉ።»

«እሱ ያውቃል» ብላ ፈንታነሽ ዐይኗን ከደነች። ጤና መኮንኑ ተክዞ ወደ ክፍሉ ሄደ።

እትዬ ሀብትነሽ ውኃ ሊያመጡ ሲወጡ ወይንእሸት ጎንበስ አለች። «እማ፣ ልንገረው?»

«በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው? ከሞትኩም በክብሬ ልሙት።»

ወይንእሸት እንባዋ መጣ። አባቷንም «ጉበት ነው» እያሉ፣ በክብር ነው የቀበሩት። ያኔ ዝም ያለችው ልጅ ስለነበረች ነው። አሁን ግን ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የምታመካኝበት ነገር አጣች።

እጇን ወደ እናቷ መቀነት ሰዳ ቋጠሮውን ስባ አወጣችው። ፈንታነሽ ልትይዛት ሞከረች፤ ጣቶቿ አቅም አልነበራቸውም።

«ምለሽልኝ የለም እንዴ!»

«ምያለሁ፣ እማ።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወይንእሸት ወደ ጤና መኮንኑ ክፍል ገባች። «በሩን ልዝጋው?» አለችው። ዘጋችና ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አጥብቃ ያሰረችው ራሷ ናት፤ ፈትታ ክኒኖቹን አሳየችው።