ማንም ያላየው ገጽ

ሟቹ በወንበሩና በጠረጴዛው መካከል በአፍጢሙ ተደፍቷል። ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ከግድግዳው ወርዶ እግሩ አጠገብ ተጋድሟል፤ እጀታው በጨርቅ ተጠርጓል፤ ታችኛው ጠርዝ ላይ ግን ደምና ፀጉር ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቦግ ብሎ በርቷል።

«ስክሪኑ ለምን አልጠፋም?» አለች መርማሪዋ።

«እንዳይጠፋ አድርጎ አስተካክሎታል» አለ ሳጅኑ። «ድረ ገጽ በስንት ሰከንድ እንደሚከፈት ሲለካ ነው የሚውለው። ለዚህ ነው ሁሉም ‹ሰከንድ› የሚሉት። በስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ናት አሉኝ።»

ስክሪኑ ላይ የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ደብዳቤዎች ዝርዝር ይታያል። ከሁሉ በላይ ያለው «ስለ ሰኞው ገለጻ» ይላል፤ ላኪው የሰርቨር ክፍሉ ኃላፊ ነው። ከጠረጴዛው ጀርባ ግድግዳው ላይ ሁለት ዐምድ የተሣለበት ወረቀት ተለጥፏል። ረጅሙ «አሮጌው፦ 11 ሰከንድ»፣ አጭሩ «አዲሱ፦ 1.8» ይላል። ረጅሙ ዐምድ ጫፍ ላይ መነጽር ያደረገች ኤሊ ተቀምጣለች።

«ኤሊዋን የሣላት ማን ነው?»

«ራሱ ሟቹ። አሮጌውን ድረ ገጽ የሠሩት ሽማግሌ፣ የሰርቨር ክፍሉ ኃላፊ፣ መነጽር ያደርጋሉ።»

«ደግ ሰው አልነበረም ማለት ነው።»

«እስካሁን ደግ ነበር ያለኝ የለም። ለማንኛውም ጉዳዩ አልቋል፣ አለቃ። ታናሽ ወንድሙ ነው። የቀረው ካቴና ማጥለቅ ብቻ ነው።»

«ንገረኝ። አታንዛዛው።»

ሳጅኑ አላንዛዛም። ቅዳሜ ስለሆነ ሕንፃው ውስጥ የዋሉት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሟቹ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ሥራ አስኪያጇና የሰርቨር ክፍሉ ኃላፊ። ጥበቃው ከምሳ በኋላ የገባም የወጣም የለም ይላል። ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ ዐሥር ሰዓት ከዐሥር ሥራ አስኪያጇና ወንድምየው ስብሰባ ክፍል ውስጥ አብረው ነበሩ። ከዚያ ወንድምየው ወደ ራሱ ጠረጴዛ ተመልሶ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ብቻውን ቆየ። በዐሥር ሰዓት ከሩብ የሰርቨር ክፍሉ ኃላፊ ሟቹን በሕይወት አዩት። ወዲያው ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገቡ፤ ወንድምየው «ወንድሜን ገደሉት!» ብሎ እስኪጮህ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም።

«ይኸውልሽ ደግሞ የሰርቨሩ መዝገብ» አለ ሳጅኑ ወረቀት እየዘረጋ፤ ከዚያ ደንግጦ «ይቅርታ፣ ይኸውልዎ» ብሎ አረመ። «ዐሥር ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ላይ የሟቹ ኮምፒውተር የሽማግሌውን ደብዳቤ ጠርቷል። የሞተ ሰው ደብዳቤ አይከፍትም። ስለዚህ የተገደለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን የቆየው ደግሞ ወንድሙ ነው። ጠዋት ‹አንድ ቀን በእጄ ትጠፋለህ› ሲለው ጥበቃው ሳይቀር ሰምቷል።»

«ወረቀቱን ማን ሰጠህ?»

«ሽማግሌው። ሳልጠይቃቸው አትመው ሰጡኝ።»

«ሳትጠይቃቸው» አለች መርማሪዋ፤ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ሥራ አስኪያጇ ከወንበሯ ሳትነሣ ተቀበለቻት።

«ሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ሰዎች ይመጣሉ» አለች። «አዲሱን የአምቡላንስ መጥሪያ ገጻቸውን እናስረክባለን። ልጁን ልትወስጂው ከሆነ ውሰጂው፤ ኮምፒውተሮቼን ግን እንዳትነኪብኝ።»

«ሰው ሞቶብሻል።»

«አይቻለሁ። ዐይን አለኝ።»

«ትወጂው ነበር?»

«ማን ይወደዋል? የዓመት ፈቃድ ቅጽ ስከፍት እንኳ ገጹ ዐይኔ ፊት እስኪታይ የፈጀውን ሽርፍራፊ ሰከንድ ይመዘግባል። አንድ ቀን በሰው ፊት ‹ዛሬ ሰባት ጊዜ ከፈትሽው፣ ሽርሽር አማረሽ እንዴ?› ብሎ ሳቀብኝ። ግን ሥራውን ያውቃል። አሮጌው ገጽ ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ሰው እየሞተብሽ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ነጭ ነገር ላይ ስታፈጪ አስቢው።»

«ሽማግሌው ቢሮሽ የገቡት ለምንድን ነው?»

«እንደ ወትሮው ሊያማርሩ። ሰከንድ ለሰኞው ገለጻ ከእኔም የደበቀው አንድ ስላይድ ነበረው። አስወጪልኝ አሉኝ። አላስወጣም አልኩ። ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም። ሰልችቶኝ ነው የምሄደው።»

የሰርቨር ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ማራገቢያዎቹ ይጮኻሉ፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ኃላፊው ሹራብ ላይ ኮት ደርበው ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል፤ የመዝገቡ መስመሮች ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይንሸራተታሉ። ቤቱ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል።

«ጋሼ፣ ደብዳቤውን የላኩት መቼ ነው?»

«ዐሥር ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ላይ፣ ከዚሁ። ወዲያው ከፈተው። መዝገቡን ለሳጅኑ ሰጥቻለሁ።»

«ከዚያስ?»

«መልሱን ልሰማ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ደብዳቤዬ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል፤ ከቆምኩበት አነበብኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ‹ሰኞ እንነጋገራለን፣ ይሂዱ› አለኝ። ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ።»

«አዲሱ ገጽ የተሠራበትን ፍሬምወርክ የሚሉትን መሣሪያ እርስዎም ያውቁታል?»

ሽማግሌው ቱግ አሉ። «እኔ ገጽ መሥራት ስጀምር እነዚህ ወንድማማቾች ፊደል አልቆጠሩም! የአንድ ሳምንት ሥልጠና ግቡ ሲሉኝ እምቢ ብያለሁ። ምን አዲስ ነገር አለው? ሰው ይጫናል፣ ገጹ ይጠራል፣ ሰርቨሩ ይሰጣል። የቀረው ጌጥ ነው።»

«ኤሊዋን አይተዋታል?»

«ወር ሙሉ አየኋት» አሉና ፊታቸውን ወደ መስመሮቹ መለሱ።

ወንድምየው ስብሰባ ክፍል ውስጥ በፖሊስ ይጠበቃል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ዐይኑ ቀልቷል፤ በለቅሶ ይሁን በንዴት አይለይም።

«ልታስሪኝ ከሆነ እሰሪኝ» አላት ገና ሳትቀመጥ። «እናቴ ጋ ግን እኔ ልደውል። ሁለት ልጆቿን በአንድ ቀን ማጣቷን ከፖሊስ አፍ አትስማው።»

«በእጄ ትጠፋለህ ብለኸዋል።»

«በሳምንት አንዴ እለዋለሁ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ።»

«ዛሬ በምን ምክንያት?»

«አይመለከትሽም።»

«እሺ፣ አይመልከተኝ።» ወረቀቱን ወረወረችለት። «ወንድምህ ዐሥር ከዐሥራ ሁለት ላይ ይህን ደብዳቤ ከፍቷል። ስለዚህ በሕይወት ነበር። ከዚያ በኋላ ብቻህን የነበርከው አንተ ነህ። አንገትህ ላይ ያለው ገመድ ይቺ መስመር ናት።»

ልጁ መስመሩን አነበበ። ከዚያ እሷን እንደ ደንቆሮ አያት።

«በዚህ ነው የያዛችሁኝ? ይህ እኮ መክፈት አይደለም። ማምጣት ነው።»

«ልዩነቱን ንገረኝ። የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ደደብም አይደለሁም።»

«ምግብ ቤት ገብተሻል እንበል። የጋሼ ገጽ እንዴት ነው መሰለሽ? አስተናጋጁ እስክታዢው ቆሞ ይጠብቃል፤ ስታዢው ደግሞ የወጥ ቤቱን ዕቃ ሁሉ ተሸክሞ ጠረጴዛሽ ላይ ካልከመረ ምግብ መሠራት አይጀምርም። ኮዱ በሙሉ ስልክሽ ላይ ወርዶ እስኪያልቅ ነጭ ነው የምታዪው። አዲሱ ፍሬምወርክ ገጹን እዚያው ሰርቨሩ ላይ አብስሎ ይልክልሻል፤ ኮዱን የሚያመጣው ለሚያስፈልገው ቁልፍ ብቻ ነው። ያውም ዝርዝሩ ላይ ፊትሽ የሚታየውን ሁሉ ሳታዢ አምጥቶ ከበሩ ጀርባ ያቆመዋል። ስትጫኚው በቅጽበት ይቀርባል፤ ካልተጫንሽው እዚያው ይቀራል። የውስጥ ደብዳቤ ገጻችንም የተሠራው በዚሁ ነው፤ የጋሼ ደብዳቤ ዝርዝሩ ላይ ብቅ ሲል ፍሬምወርኩ በራሱ አመጣው። የሰው እጅ አልነካውም።»

«እንዲህ ለማለት ጥሩ ምክንያት አለህ።»

«እና አታምኚኝም።»

«ማንንም አላምንም። ወንድምህ ገጹ ዐይን ፊት እስኪታይ የፈጀውን ጊዜ ይመዘግባል ይላሉ። ገጹ መጥቶ ሳይታይ ከቀረስ?»

ልጁ ቀና አለ። ከገባች ጀምሮ ያለ ጥላቻ ያያት አሁን ነው።

«ካልታየ ልኬት የለም» አለ ቀስ ብሎ።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሁሉንም በሟቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሥራ አስኪያጇ ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች። ሽማግሌው ወለሉን ላለማየት መስኮቱ ጋ ቆመዋል። የደብዳቤዎቹ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ እንደተከፈተ ነው፤ አጠገቡ ባለው ላፕቶፕ ላይ የሰርቨሩ መዝገብ ይሄዳል።

«ሳጅን፣ እጅህን ኪስህ ክተት። ማንም ማውሱን እንዳይነካ» አለች መርማሪዋ። «ሥራ አስኪያጅ፣ ከስልክሽ ለሟቹ አንድ ደብዳቤ ላኪ።»

«ለሞተ ሰው?»

«ለሞተ ሰው። የመጀመሪያዋ አይደለሽም።»

ሥራ አስኪያጇ እያጉረመረመች ላከች። ርእሱ ዝርዝሩ አናት ላይ ብቅ አለ፤ በዚያው ቅጽበት መዝገቡ ላይ አዲስ መስመር መጣ። ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«የሟቹ ኮምፒውተር ደብዳቤውን ጠርቷል ይላል! ማን ከፈተው?»

«ማንም። ፍሬምወርኩ ቀድሞ አመጣው። ጉዳዩ አልቋል ያልከኝ በዚህ መስመር ነው፣ ሳጅን። አሁን አንተ ክፈተው» አለችው ለወንድምየው።

ልጁ ተጫነ። ደብዳቤው ተዘረጋ፤ መዝገቡ ላይ ሁለተኛ መስመር ወረደ።

«ይህ ልኬቱ ነው» አለች። «የመጣ ገጽ አንድ መስመር አለው፤ የታየ ገጽ ሁለት። ሟቹ ዛሬ ሁለት መቶ ስድስት ገጽ አይቷል፤ ሁለት መቶ ስድስት ልኬት አለ። ከምሳ ሰዓት በቀር ሳይለካ ከአራት ደቂቃ በላይ አልቆየም። የመጨረሻው የታየው ገጽ ይኸው ዝርዝር ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሰባት ላይ። ከዚያ በኋላ ጸጥ። የእርስዎ ደብዳቤ፣ ጋሼ፣ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። መጥቷል፤ ስክሪን ላይ ግን አንዴም አልታየም። ታዲያ ዐሥር ሰዓት ከሩብ ላይ በሩ ላይ ቆመው ያነበቡት በምን ዐይንዎ ነው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት።

«ሟቹ መለካት ያቆመው እነዚህ ሁለቱ ስብሰባ ክፍል ውስጥ አብረው እያሉ ነው» ቀጠለች። «ብቻዎን የነበሩት እርስዎ ነዎት። መትተው ጣሉት፤ እጀታውን ጠረጉ፤ ወደ ታች ወርደው በሕይወት ላለ ሰው እንደሚጻፍ አድርገው ደብዳቤ ላኩ። ገጹ ሳይጠሩት እንደሚመጣ፣ ካልታየ ደግሞ እንደማይለካ ቢያውቁ ኖሮ እዚያ ላይ ያቆሙ ነበር። ግን መዝገቡ ላይ የሟቹ ኮምፒውተር ደብዳቤዎን ሲጠራ አዩ። አልደነገጡም?»

«ደነገጥኩ እንጂ!» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ሰለለ። «ነፍሱ አልወጣችም ብዬ ሮጥኩ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። እንደተደፋ ነበር። እንዴት እንደተከፈተ አልገባኝም፤ ግን የሚያድነኝ ነገር መሰለኝ። አይቼዋለሁ አልኩ።»

«ሥልጠናው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር» አለች መርማሪዋ።

«ለምን?» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ለአንዲት ኤሊ?»

«ኤሊዋንስ ችያት ነበር። ሰኞ የአንዲትን ሴት ታሪክ ሊያሳያቸው ነበር። ባሏ ወድቆባት አምቡላንስ ልትጠራ ገጼን ሦስት ጊዜ ከፈተችው፤ ሦስቴም ነጭ ሆነባት፤ ዘጋችው። ሰውየው ሞተ። የዱሮ መዝገብ ቆፍሮ አገኛት። ስላይዱ ላይ ‹ኤሊው ሰው በላ› ብሎ ጻፈበት። በሆስፒታሉ ሰዎች ፊት! ዘጠኝ ተኩል አልፎ መጥቼ ለመንኩት። ‹ዐሥራ አንድ ሰከንድ ይጠብቁ፣ መልስ እሰጥዎታለሁ› አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ መለካቱን ቀጠለ።»

 ከዚያ ወንድምየው፣ ከስክሪኑ ዐይኑን ሳይነቅል፣ አፉን ከፈተ።

«ጠዋት የተጣላነው በዚያ ስላይድ ነው። አውጣው፣ ሽማግሌውን በቁሙ አትቅበረው አልኩት። የጮህኩት ለእርስዎ ነበር፣ ጋሼ። እርስዎ ደግሞ ወረቀት አትመው ለፖሊስ ሰጡኝ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።  ሳጅኑ ለሌላ ሰው ይዞት የመጣውን ካቴና ለእሳቸው አጠለቀ፤ ሥራ አስኪያጇ ስልኳን እየጎረጎረች ተከትላቸው ወጣች።

ወንድምየው ግን አልተነሣም። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆመች።

«ወደ እናትህ ደውል» አለችው።

«እደውላለሁ። አንድ ነገር ብቻ።»

ወደ ዝርዝሩ ተመለሰና «ስለ ሰኞው ገለጻ» የሚለው ላይ ተጫነ። ከሰዓታት በፊት መጥቶ ሲጠብቅ የነበረው ገጽ ዐይን ሳይጨፈን ተከፈተ። መዝገቡ ላይ የጎደለው ሁለተኛ መስመር ወረደ፤ ልኬቱ ከሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያነሰ ነው። ወንድሙ ቢሆን ተነሥቶ ይጨፍር ነበር።

የጋሼ ደብዳቤ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ውድ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ዋልክ? እኔ ደኅና ነኝ።»