በግራህ መጡብህ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ሻዩን ሳይጨርስ ሒሳብ ከፍሎ የሚወጣ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ። ቆቦ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼ ስለ ጋኔን ሲያወሩ «መጀመሪያ ያየኸውን ንገረኝ፣ ቀጥሎ የሰማኸውን፣ ግምትህን ግን ለራስህ ያዘው» እላቸዋለሁ፣ ይህንንም ታሪክ በዚሁ ሥርዓት ነው የምነግራችሁ፣ ግምቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ፣ እኔ ገምቼ ገምቼ ደክሞኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከወፍ ነው። ያገለገለ ባይኖኩላርና የወፎች ሥዕል ያለበት ወፍራም መጽሐፍ ገዝቼ በትርፍ ጊዜዬ ወፍ መለየት ጀምሬ ነበር፣ ሞክራችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ ካልሞከራችሁት ላስረዳችሁ። መጽሐፉ ላይ ወፏ ጎኗን ሰጥታ፣ ደረቷን ነፍታ፣ ፎቶ ቤት እንደገባች ሙሽራ ቆማ ትጠብቃችኋለች፣ ሜዳ ላይ ግን ፀሐይን ከጀርባዋ አድርጋ፣ ግማሽ አካሏን ቅጠል ውስጥ ከትታ፣ ልክ መነጽሩን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ትበራለች። ሥርዓቱ መጀመሪያ መጠን፣ ቀጥሎ ምንቃር፣ ቀጥሎ ምን እየሠራች እንደሆነ ነው፣ ቀለም መጨረሻ ይመጣል፣ ምክንያቱም ቀለም ይዋሻል፣ ጠዋት ቡናማ የነበረችው ማታ ግራጫ ሆና ታገኟታላችሁ። ይህን ሁሉ ለሰይድ፣ ማሳው ከአከራዬ ማሳ ጋር ለሚዋሰን ገበሬ፣ በደንብ አስረዳሁትና አጥር ላይ ያረፈች አንዲት ወፍ አሳይቼ ስሟን ጠየቅሁት።

«ወፍ ናት» አለኝ።

«ወፍ መሆኗንማ አየሁ፣ ምን ዓይነት ወፍ?»

«ማሽላ የምትበላ።»

«ያቺኛዋስ?»

«እሷ ማሽላ የማትበላ። ሌላ ዓይነት የለም ቲቸር፣ ወላሂ በከንቱ አትልፋ።»

የምኖረው እትዬ ዘነቡ ግቢ ተከራይቼ ነው። ባለቤታቸው አያ በሪሁን እኔ ቆቦ ከመመደቤ በፊት ነው ያረፉት፣ በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፣ ድምፃቸውንም አልሰማሁም፣ ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ። የእትዬ ዘነቡ የዓመት ቀለብ ወደ ጎብዬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት የማሽላ ማሳ ናት፣ ማሽላው ለአጨዳ ሲደርስ ደግሞ ግሪሳ ይወርዳል፣ ግሪሳ ማለት እንደ ደመና ሆኖ የሚመጣ ትንሽ ወፍ ነው፣ አንድ ጊዜ ካረፈ አገዳውን ብቻ አስቀርቶላችሁ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ማሳው መካከል በእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ወጥቶ እየጮኸ በወንጭፍ ያባርራል። አንድ ቅዳሜ እትዬ ዘነቡ ከዋጃ የሞት መርዶ መጣባቸውና ለቅሶ መድረስ ግድ ሆነ፣ ማማው ባዶውን ሊቀር ነው።

«አንተ መቼም ወፍ ስታይ ነው የምትውል» አሉኝ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ «እስቲ ዛሬ እንኳ የሚረባ ወፍ እይ።»

«በደስታ ነው እትዬ።»

«ደስታውን ተወው። ይቺ ከተበላች ሌላ የለኝም፣ ክረምቱን ሰው ደጅ ነው የምቆም። ደግሞ ከጎረቤት ማማ ‹መጡብህ› ሲሉህ ‹አየሁ› ብለህ መልስ። ያልመለሰ ተኝቷል ነው የሚባል።»

ይህ እንግዲህ የማማ ሕግ ነው፣ አንዱ ማሳ ላይ የተባረረ ወፍ የሚያርፈው ቀጣዩ ማሳ ላይ ስለሆነ ያባረረው ለሚቀጥለው ይጮህለታል፣ ያም ይመልሳል፣ እንዲህ እያለ ሜዳው ሁሉ ሲጠራራ ይውላል።

ከቀትር በኋላ ማማው ላይ ተሰየምኩ። ወንጭፉን በቀኜ፣ ለወንጭፍ የደረቀውን የጭቃ ድብልብል በግራዬ፣ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አደረግሁ። የሰይድ ማማ ማሳው ጫፍ ላይ ካለው ትልቅ ግራር ወዲያ ስለሆነ አይታየኝም፣ ሰው መኖሩን የምታውቁት በድምፅ ብቻ ነው። ብዙም ሳልቆይ ከዚያው ከግራሩ ወዲያ ድምፅ መጣ፣

«በግራህ መጡብህ!»

«አየሁ!» አልኩ፣ ወደ ግራዬ ብዞር ሰማዩ ባዶ ነው፣ ግሪሳው በቀኜ በኩል እንደ ጭስ እየተንከባለለ ደርሷል። ወነጨፍኩ፣ ጮህኩ፣ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «በግራህ!» ይላል፣ ወፉ የሚመጣው በቀኝ። እኔ ስሕተት ሲደጋገም ዝም ማለት አልችልም፣ ሙያዬ ነው፣ «ስማ፣ ፊትህን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙር፣ ሰሜን ያለበት ግራህ ነው፣ ደቡብ ያለበት ቀኝህ፣ ወፎቹ የሚመጡት በደቡብ ነው!» ብዬ ጮክ ብዬ አስረዳሁ። ድምፁ ሻከር ያለ ነበር፣ ሰይድን ጉንፋን ይዞታል ብዬ አለፍኩት።

ግራሩ ላይ ያቺን ወፍ ያየኋት ያኔ ነው። መጠኗ ከርግብ ከፍ ከቁራ ዝቅ ያለ፣ እዚህ ድረስ ሰላም ነው። ምንቃሯ ግን፣ እመኑኝ፣ መጀመሪያ ሳያት ቀጥ ያለ ነበር፣ ገጹን ገልጬ ቀና ስል ቆልመም ብሏል። ደረቷ ዝገት የመሰለ ነበር፣ ዳግም ሳያት አመድ መስሏል። ቀለም ይዋሻል ብያችኋለሁ፣ ምንቃር ሲዋሽ ግን ሰምቼም አላውቅ። ምን እየሠራች እንደሆነ ብትጠይቁኝ ምንም አትሠራም፣ አትለቅምም፣ ላባዋንም አታበጥርም፣ እኔን ነው የምታይ። መጽሐፉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለበጥሁት፣ ማሽላው ከሐሳቤ ወጥቷል።

«መጽሐፉን እጠፍና ማሽላውን እይ!»

ብድግ ስል ግሪሳው ማሳው አናት ላይ ነው፣ ማረፍ ጀምሯል። ድብልብሉን ሳልቆጥብ ወነጨፍኩት፣ ሲያልቅብኝ ጫማዬን ወረወርኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ፣ እግዜር ይስጠው ተነሳ።

«ዓይነቷን እየለየሁ ነበር እኮ!» አልኩ ወደ ግራሩ፣ አፍሬ።

«ለይተህ ምን ልታደርጋት ነው?» አለኝ ድምፁ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሰይድ መጣ፣ ግን በግራሩ በኩል ሳይሆን በአስፋልቱ በኩል፣ ትከሻው ላይ የዱቄት ማዳበሪያ ይዞ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ።

«ቲቸር፣ ባንድ እግር ጫማ ምን ሆነህ ነው?»

«አንተስ በየት ዞረህ መጣህ? አሁን ማማህ ላይ አልነበርክም?»

«የምን ማማ? ማሽላዬ ታጭዶ አልቆ፣ አገዳ ልጠብቅ? ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነው የዋልኩ።»

«ታዲያ ከቀትር ጀምሮ በግራህ በግራህ እያለ ግራና ቀኙን የማያውቅ ማነው?»

ሰይድ ማዳበሪያውን ቀስ ብሎ አወረደ። የሚቀልድ ሰው ሲጨነቅ ደስ አይልም።

«ምን ብለህ መለስክለት?»

«አየሁ አልኩ። መጽሐፉን እጠፍ ሲለኝም ግራሩ ላይ ያለችውን ወፍ እየለየሁ ነው አልኩት። ደግሞ አቅጣጫ አስተማርኩት።»

«አያ በሪሁንን አቅጣጫ አስተማርክ?» አለና ግንባሩን ጠረገ፣ ዱቄቱን አባሰው። «በዚህ ሜዳ ቀኝን ግራ የሚል እሱ ብቻ ነበር። በሬ ሲጠምድ እንኳ የቀኙን የግራ ይለው ነበር፣ ሰው ሁሉ ለምዶለት እሱ ግራ ሲል በቀኝ ነበር የምንዞር።»

እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፣ ደስ አለኝ እንጂ አልፈራሁም። «ወፏ ናት!» አልኩት፣ «ድምፅ የሚቀዱ ወፎች አሉ፣ ሰውም ያስመስላሉ፣ እኚህ ሰውዬ ዓመት ዓመት እዚህ ሲጮኹ ሰምታ ቀድታዋለች፣ በቃ፣ ይኸው ተብራራ።»

ሰይድ አሰበበት። «እሺ፣ መጡብህን ከበሪሁን ትማር። ‹መጽሐፉን እጠፍ› ማለትንስ ከማን ተማረች? በሪሁን ፊደል የሚባል አይወድም ነበር፣ ማሳው ላይ መጽሐፍ ይዞ የወጣ አንተ ብቻ ነህ።»

መጽሐፉን ገልጬ ድምፅ የሚቀዱትን ወፎች ገጽ ፈለግሁ። እየፈለግሁ ሳለ ጨለመ፣ ጫማዬን ሰይድ ፈልጎ ሰጠኝና ወጣን።

እትዬ ዘነቡ ከዋጃ ሲመለሱ ማሽላው አንድም ራስ ሳይጎድል አገኙት። እኔ ላለመናገር ወስኜ ነበር፣ ሰይድ ጋ ግን ወሬ አያድርም፣ ሁሉንም ነገራቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ መቀነታቸውን አጠበቁና፣

«እንዲያውም ደግ አደረገ። ነገም ውጣ፣ ድምፁን ከሰማህ ማጭዴን የት እንዳኖራት ጠይቅልኝ።»

«የቷን ማጭድ?»

«የቀንድ እጀታ ያላትን፣ የአባቴን። ከልጆች ደብቄ ማሳው ላይ አኑሬያታለሁ አለኝ፣ የት ስለው ነገ አሳይሻለሁ አለ። ያው ነገ ሳይመጣ ሄደ። ይኸው በየዓመቱ በሰው ማጭድ ነው የማጭድ፣ ማሽላዬ ሰው የራሱን አጭዶ እስኪያውሰኝ ይረግፋል።»

የተማርኩ ሰው ነኝ፣ እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ግን አከራዬ ናቸው። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወጣሁ። ወፏ እዚያው ግራር ላይ ናት። ዙሪያዬን ሰው አለመኖሩን አረጋገጥኩና ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ተማሪ እንደሚጠየቅ ሳይሆን ትልቅ ሰው እንደሚጠየቅ፣ «አያ በሪሁን፣ ማጭዷን የት አኑረዋት ይሆን?» አልኩ። ማሽላው ተንሿሿ። ጥቂት ቆይቶ፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ እንደ ደከመ ሰው፣

«በግራህ።»

ወርጄ በግራ በኩል ያለውን የድንጋይ ካብ አንድ በአንድ አፈረስኩት። እንሽላሊት አገኘሁ፣ የዛገ ቆርቆሮ አገኘሁ፣ ማጭድ የለም። ማታ ለእትዬ ዘነቡ ነገርኳቸው።

«በግራ አለህ?» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። «በቀኝ ነዋ ታዲያ።»

ይህንንማ እኔም ካቡን ሳፈርስ አውቄዋለሁ። በቀኝ በኩል ያለው ያ ግራር ነው፣ ግንዱ ላይ ክንድ የሚያስገባ ሽንቁር አለው፣ ባይኖኩላሩ አንድ ጊዜ እዚያ ላይ አርፎ ቶሎ አንስቼዋለሁ።

«ነገ አያለሁ» አልኳቸው።

«ነገ እየው» አሉ እሳቸውም፣ ቶሎ ብለው።

ማሽላው ታጭዶ ገብቷል፣ በሰይድ ማጭድ ነው ያጨዱት። እኔ ወደ ግራሩ አልሄድኩም፣ እሳቸውም አልሄዱም፣ ማሳውን ሲሻገሩ እኔ እንደማደርገው ዞር ብለው ነው የሚያልፉት። እጄን ሰድጄ ባጣት ሰይድ ዕድሜ ልኬን ይስቅብኛል፣ ይህ ቀላል ነው፣ ባገኛትስ? ሰኞ ክፍል ገብቼ ምን ብዬ ላስተምር ነው?

ወፏ አሁንም እዚያው ናት። መጽሐፉን ጨርሻለሁ፣ በእርግጠኝነት የለየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ማሽላ አትበላም።