የዝምታው ሳምንት

በመጨረሻው ሳምንት አማካሪ አፉን ይዘጋል። ወጣቶች በፈጠራ ሥራ የሚወዳደሩበት ፕሮጀክት ደንብ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከወጣቶቹ ጎን ተቀምጦ ሲመክር፣ ሲያርምና ሲጨቃጨቅ የከረመ ባለሙያ፣ ፈተናው ስድስት ቀን ሲቀረው ማየት ብቻ ይፈቀድለታል። አንድ ቃል ከተነፈሰ ተማሪው ከውድድሩ ይሰረዛል። ዳኞቹ ማየት የሚፈልጉት የወጣቶቹን ሥራ ነውና ደንቡ ክፉ ነው ማለት አይቻልም።

ይህ ታሪክ የሚያወራለት አማካሪም ሁለት ዓመት ደንቡን ያለ ችግር ጠብቆታል። በሦስተኛው ዓመት ሽቦ መጣችበት።

ሽቦ የሚሏት ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ኪሷም ቦርሳዋም ሽቦ አያጣም። በመጀመሪያው ቀን ወደ ሥራ ክፍሉ ሲገባ፣ ሶኬት እንዲጠግን የተላከ ኤሌክትሪሺያን መስሏት «እዚያ ጥግ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ አይሠራም» አለችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ጠገነው። ከዚያ እጁን አራግፎ፣ ወንበር ስቦ አጠገቧ ሲቀመጥ ግራ ገባት።

«ሌላ የቀረ ሥራ አለ?»

«አንቺ ነሽ የቀረሽኝ። አማካሪሽ ነኝ።»

ፊቷ ቀላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአራት ዓመት ብቻ የሚበልጣትን ሰው «ጋሼ» ትለው ጀመር። ለማክበር ይሁን ለማሾፍ አልገባውም፤ ብቻ ቃሉን በሰማ ቁጥር በመካከላቸው አንድ ወንበር የተጨመረ ይመስለው ነበር።

የምትሠራው አምባር ነው። ታላቅ እህቷ መስማት የተሳናት ናት፤ የስድስት ወር ልጅ አላት። ልጁ ሌላ ክፍል ሆኖ ሲያለቅስ አምባሩ ድምፁን ይለይና እናቱ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። የመኪና ጥሩምባም የበር ድምፅም አያታልለውም። ሽቦ ፈተናውን ካለፈች አንድ አምራች ድርጅት ሩቅ አገር ወስዶ ሁለት ዓመት ሊያስተምራት ቃል ገብቷል።

ካለፈች ትሄዳለች፤ ከወደቀች ትቀራለች። አማካሪው ይህን በየቀኑ ያስበው ነበር፤ ለማንም አይናገረውም እንጂ።

በዝምታው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሽቦ አምባሩ የተማረባቸውን ድምፆች ስክሪኗ ላይ ከፈተቻቸው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። አማካሪው ስማቸውን አነበበ። «አለቃ ሲርበው።» «አለቃ እንቅልፉ ሲመጣ።» «አለቃ ጥርስ ሲያበቅል።» «አለቃ ያለ ምክንያት።» አለቃ የሚሉት የእህቷን ልጅ ነው፤ ቤቱ ሁሉ የሚታዘዘው ለሱ ነዋ። ዝርዝሩ እስከ ታች ድረስ አለቃ ነበር። ከአለቃ ሌላ አንድም ሕፃን የለበትም።

ልቡ ድንግጥ አለ። አምባሩ የተማረው የአንድ ልጅ ለቅሶ ብቻ ነው። ሌላ ሕፃን ጉሮሮው እስኪነቃ ቢያለቅስ ላይሰማው ይችላል።

ጥፋቱ የሷ ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያው ወር «ድምፆቹን ልክፈትልህ?» ብላው ነበር። «አያስፈልግም፣ አምንሻለሁ» አላት፤ ፍቅሩን የገለጸ መስሎት። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዚያ ወር ስክሪኑን ሳይሆን የስክሪኑ ብርሃን ያረፈበትን ፊቷን ነበር የሚያየው።

በምሳ ሰዓት ወደ ፕሮጀክቱ አስተባባሪ ቢሮ ገባ።

«እትዬ፣ አንድ አማካሪ በዚህ ሳምንት ከባድ ስህተት ቢያይስ?»

«ዝም ይላል።»

«በጣም ከባድ ቢሆንስ?»

«በጣም ዝም ይላል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሰው ልጅ እንዳታሰርዝ።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሽቦ የአምባሩን ብሎን እያጠበቀች፣ ቀና ሳትል ማውራት ጀመረች።

«ጋሼ፣ አሁን መመለስ አትችልም አይደል? እንግዲያው ልንገርህ። መመለስ ብትችል ኖሮ አልነግርህም ነበር።»

አማካሪው ወንበሩን ወደሷ አዞረ።

«ሶኬቱን የጠገንክ ዕለት ነው የጀመረኝ። እኔኮ የመጣሁት ለሌላ ነው ብለህ ልታሳፍረኝ ትችል ነበር። ማታ ለእህቴ በእጄ ነገርኳት፤ ሳቀችብኝ።» ብሎኑ አመለጣትና ከጠረጴዛው ሥር ለቀመችው። «ካለፍኩ እሄዳለሁ፤ አልዋሽህም፣ መሄድ እፈልጋለሁ። ብወድቅ ግን የምጽናናበት ሰው አለኝ እያልኩ ነው። ተሳስቼ ከሆነ ቅዳሜ ትነግረኛለህ።»

ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት።

በሩ ዝግ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው የለም። «የሌሎች ሕፃናት ድምፅ ጨምሪ» ቢላት በቃ፤ ማንም አይሰማም። በቀሩት ቀናት ደግሞ ሽቦ አንዴ ሥራ ከያዘች ተራራ ትንዳለች። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። እዚያው ሌላ ሐሳብ ጠበቀው፦ ከወደቀች ትቀራለች። ቃሉ ተመልሶ ወረደ። ደንቡን አክብሮ ይሁን ለራሱ ሳስቶ፣ ሊለየው አልቻለም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እሱ ግን ጭንቁን ይዞ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የሽቦ እህት አምባሩን አስራ መድረኩ ላይ ተቀመጠች፤ ሲንቀጠቀጥ እጇን ታነሳለች። ዋናዋ ዳኛ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። «ይቺ የልጅ ልጄ ናት» ብለው ስልካቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ።

የሕፃኗ ለቅሶ አዳራሹን ሞላው። እህቷ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ሐኪሟ ደገሙት። ለቅሶው ሲበረታ ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች ሳይቀሩ ተቁነጠነጡ። እህቷ አሁንም ፈገግ ብላ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አማካሪው አንገቱን ደፋ።

ሽቦ የአለቃን ድምፅ ከፈተች። የእህቷ እጅ ወዲያው ተነሳ። የሆነውን አልሰማችምና ታናሿ ያለፈች መስሏት ማጨብጨብ ጀመረች። ከአዳራሹ ሁሉ ያጨበጨበች እሷ ብቻ ነበረች።

«ይህ ለአንድ ልጅ የተሠራ ነው» አሉ ሐኪሟ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ለሁሉም ሲሆን በሚቀጥለው ዓመት ነይ።»

ከአዳራሹ ሲወጣ ሽቦ ደረጃው ላይ ጠብቃ አገኘችው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፈገግ ለማለት ግን ትታገል ነበር።

«ቅዳሜ ደረሰ። አሁን መናገር ትችላለህ።»

«እወድሻለሁ» አላት። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? አልሆነለትም። «ስህተቱን ግን ሰኞ ዕለት አይቼው ነበር።»

«ሰኞ?»

«ሰኞ።»

«ረቡዕ እኔ ያን ሁሉ ስለፈልፍ ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ክፍሉ ውስጥ እኛ ብቻ ነበርን። ማን ይሰማህ ነበር?» መስማት ከሚቸግረው ሰው ጋር የምታወራ ይመስል ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች ጠየቀችው። «ዝም ያልከው ለደንቡ ነው ወይስ እንድቀርልህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ለደንቡ» ብሎ ይገላገል ነበር።

«አላውቅም» አለ።

እህቷ መጥታ በምልክት ምን ሆናችሁ አለች። ሽቦ በእጇ መለሰችላት። አማካሪው ምልክቱን ስለማያውቅ ምን እንዳለቻት አልገባውም። እህትማማቾቹ ተያይዘው ደረጃውን ወረዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አማካሪ ጠይቃ ተመዘገበች። ልጆቻቸውን ለማስከተብ የሚሰለፉ እናቶች ጋ እየሄደች የሕፃናት ለቅሶ ስትቀዳ እንደምትውል ከሰው ሰማ። አለፈችም።

የምትሄድ ዕለት አማካሪው ከሕንፃው ደጅ ቆሞ ጠበቃት። ሻንጣዋን መኪናው ላይ ጫነችና ወደሱ መጣች።

«ጋሼ። አወቅከው?»

ዓመት ሙሉ ሌላ አላሰበምና አላመነታም።

«አወቅኩት። እንድትቀሪልኝ ነበር።»

አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ያን ቀን እንዲህ ብትለኝ ኖሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «እናደድብህ ነበር። አንድ ወር አኮርፍ ነበር። ከዚያ ይቅር ብዬህ ዘንድሮም አልሄድም ነበር።»

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ገብታ ተቀመጠች፤ መኪናው እስኪነሳ ድረስ የሆነ ነገር እንዲላት የምትጠብቅ ይመስል ዓይኗን አልነቀለችም። መስኮቱ ክፍት ነበር። ዝም በል የሚል ደንብም በዚያ ቀን አልነበረም።