በበሩ ጉበን ላይ የተለጠፈው በረከት

ሲኒት የሱቁን የብረት መዝጊያ ስታነሳ ሲኞር ዌን ከመሰላሉ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው አየቻቸው። የቻይናውያን አዲስ ዓመት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ከበላያቸው፣ በበሩ ጉበን ላይ፣ «ፉ» የሚሉት የበረከት ፊደል የተጻፈበት ቀይ ወረቀት ግማሹ ተለጥፎ ግማሹ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው ሞተዋል።

ሲኞር ዌን በሮም ቶር ፒኛታራ ሰፈር የመልካም ዕድል ጌጥ ይሸጡ ነበር። ለሙሽራ ድርብ ደስታ የሚሉት ፊደል፣ ወርቃማ ዓሣ፣ ሮማን፣ ቅል፣ ጭራሽ የሌሊት ወፍ ሳይቀር ሱቃቸው ውስጥ አለ። ሲኒት አምና ከፋሲካ በኋላ ሥራ የጀመረች ሰሞን «የሌሊት ወፍ ደግሞ ምን ዕድል ታመጣለች?» ብላ ስትሳለቅ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ በረከት ዙሪያቸውን ተደርድሮ አንዱም አልደረሰላቸውም።

የመጡት ፖሊሶች «ከመሰላል ወድቀው ነው» ብለው ደብተራቸውን ሊያጥፉ ሲሉ መርማሪዋ ኢስፔቶሬ ፍራንካ ገባች። እናቷ የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፣ አባቷ ጣሊያናዊ ነበሩ። ወሬ አታበዛም፣ ዓይኗ ግን አያርፍም። ከበሩ ቁልፍ ጀምራ እስከ ምድር ቤቱ ደረጃ ድረስ ዞረችና ተመለሰች።

«በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያለው ማነው?»

«አራት ነን» አለች ሲኒት። «እኔ፣ ዕቃ ቤቱን የሚይዙት አባባ ገረዝጊሄር፣ የሟቹ የወንድም ልጅ አሌክስ፣ የሕንፃው ባለቤት ክላውዲዮ።»

«ሱቁ ሊዘጋ ነበር ይባላል።»

«አዎ። ሚስታቸው በመስከረም ከሞቱ ወዲህ ሮም አስጠላቻቸው። ቻይና ገብቼ መቃብሯ አጠገብ ልኑር አሉ።»

«ሱቁ ከተዘጋ አንቺስ?»

«የሥራ ኮንትራቶዬ ያበቃል። የመኖሪያ ፔርሜሶዬን የማሳድሰው በመጋቢት ነው። ያለ ኮንትራቶ አያድሱልኝም።»

«ይሄን ጭንቀትሽን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም» አለች ሲኒት፤ ቃሏን ፈረመች።

ውሸቷን ነው። ከሦስት ቀን በፊት አባባ ገረዝጊሄር እግር ላይ ወድቃ «ሲኞር ዌን እስከ መጋቢት ብቻ እንዲቆዩ ያናግሩልኝ፣ እርስዎን ይሰማሉ» ብላ አልቅሳለች። ትናንት ማታ ስትደውልላቸው ደግሞ «ጉንፋን ይዞኝ አልሄድኩም ልጄ» አሏት። ድምፃቸው ልክ አልነበረም፤ እሷ ግን ማመን ስለፈለገች አመነች። አሁን ይህን ብትናገር ፖሊስ መዝገብ ውስጥ ስሟ ሊገባ ነው፤ ፔርሜሶውም አበቃለት። ስለዚህ የሆዷን በሆዷ ይዛ ቆመች።

ክላውዲዮ ገና ሲገባ ጀምሮ ይጮህ ነበር።

«ተጣልተናል፣ አልክድም! ሕንፃውን በጥቅምት ስገዛ ልቀቁልኝ ብያቸዋለሁ። አሎራ፣ ታዲያስ? ሊለቁልኝ እኮ ነበር! ሻንጣውን የሸከፈ ሰው ምን ብዬ ልግደል?»

ፍራንካ መሰላሉ ላይ ወጥታ የወረቀቱን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቀችና አሸተተችው። «ዱቄት ነው» አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ ሲኒት ዞረች። «ሱቃችሁ ስኮች ፕላስተር የለውም እንዴ?»

«መሳቢያው ሙሉ አለ። ለደንበኛ ሁሌም በስኮች ለጥፉት ነው የምለው።»

በዚህ መሐል አሌክስ ደረሰ። ሮም ተወልዶ ያደገ፣ ከአጎቱ ጋር ከተገናኘ ወራት ያስቆጠረ ጎልማሳ ነው። የአጎቱን ሬሳ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ቀና ብሎ ቀዩን ወረቀት ሲያይ ግን ፊቱ በቁጣ ተለዋወጠ። ፍራንካ ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው። ምን እንደተባባሉ ሲኒት አልሰማችም።

ከሰዓት በኋላ ፍራንካ አራቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አባባ ገረዝጊሄር የዕቃ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክራሉ።

«ይህን ወረቀት ሲኞር ዌን አልለጠፉትም» ብላ ጀመረች። «አሌክስ፣ የነገርከኝን ንገራቸው።»

«ሐዘን ያለበት ቤት በዚያ ዓመት በሩ ላይ ቀይ አይለጥፍም» አለ አሌክስ አንገቱን ደፍቶ። «ሳየው አጎቴ አክስቴን እንዲህ ቶሎ ረሷት ብዬ ተናደድኩባቸው። ይቅር ይበሉኝ።»

«አባቴ በሞተ ዓመት እናቴም በዓል የሚባል ቤታችን አላስገባችም» አለች ፍራንካ። «የለጠፈው ሰው ይህን አላወቀም። አሌክስ ያውቃል፤ ስለዚህ እሱ አይደለም። ምድር ቤቱ ወለል ላይ ደግሞ የደረጃው ሥር ብቻ ታጥቧል፣ እስካሁን እርጥብ ነው። ሲኞር ዌን የወደቁት እዚያ ነው። ተሸክሞ ያመጣቸው ሰው ከመሰላል የወደቁ እንዲመስል ፈልጓል።»

«ማነው ታዲያ?» አለ ክላውዲዮ።

«ቀስ በል። ወረቀቱ የአምናው ወረቀት በተወው ምልክት ላይ፣ ልክ በልኩ ነው የተለጠፈው። በስኮችም አይደለም፤ ጓዳ ምድጃ ላይ በተንተከተከ የዱቄት ሙጫ ነው፣ ከሥሩ ያለው የአምናው ቅሪትም ያው ዱቄት ነው። አንተ ሕንፃውን የገዛኸው በጥቅምት ነው። ሲኒት የተቀጠረችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሁለታችሁም ሲለጠፍ አይታችሁ አታውቁም። የየዓመቱን ሥርዓት አጥርቶ የሚያውቅ፣ የሐዘን ዓመት ልማዱን ግን የማያውቅ ሰው ነው የምፈልገው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባባ ገረዝጊሄር፣ መሰላሉን ስንት ዓመት ያዙላቸው?»

«አሥራ ስድስት ዓመት» አሉ ሽማግሌው። ባርኔጣው ቆመ። «ሙጫውንም የማንተከትከው እኔ ነኝ።»

ሲኒት መደርደሪያውን ያዘች።

«አልገፋኋቸውም» አሉ። «ደረጃው አፍ ላይ ቆመን ስለምናቸው እጃቸውን ይዤ ነበር። መነጨቁኝ፤ ለቀቅኳቸው፤ ወደ ኋላ ተንጋለው በደረጃው ወደቁ። ወርጄ ስደርስ ትንፋሽ የለም። ደንግጬ ቁጭ አልኩ። ከአምስቱ በረከቶች መጨረሻው በሰላም መሞት ነው ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ምድር ቤት እንደ ዕቃ ወድቀው ከሚገኙ፣ በረከት ሲለጥፉ ሞቱ ቢባል ይሻላቸዋል አልኩ። ራሴንም ለማዳን ነው፣ አልዋሽም።»

«ምን ብለው ነበር የሚለምኗቸው?»

«ሱቁን እንዳይዘጉ። ለራሴ።»

ፍራንካ ራሷን ነቀነቀች። «እርስዎ በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። የመኖሪያ ወረቀትዎም የዘላለም ነው። ሱቁ ቢዘጋ ምን ይጎድልብዎታል? ምክንያቱን ካልነገሩኝ ዳኛው ለጠብ የሄዱ ነው የሚመስለው። ስለ ማን ብለው ሄዱ?»

«ለራሴ አልኩሽ እኮ» አሉ ገረዝጊሄር። ወደ ሲኒት ዞር እንኳ አላሉም።

ክላውዲዮ ሰዓቱን አየ። ሲኒት ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ በመጋቢት ንጹሕ ስሟን ይዛ ወረፋ ትቆማለች፣ ሽማግሌው ደግሞ እንደ ጠበኛ ይፈረድባቸዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችውና በራሷ አፈረች።

«እኔ ነኝ የላክኋቸው» አለች።

«ሲኒት፣ ዝም በይ!» አሉ ገረዝጊሄር።

«ጠዋት ለማንም አልነገርኩም ብለሽ ፈርመሻል» አለች ፍራንካ።

«ዋሽቼ ነው የፈረምኩት። ስለ ፔርሜሶዬ ብዬ ነው።»

«ይህን ቃል ከጻፍኩት ፔርሜሶ የሚያድሰው ኩዌስቱራ ይደርሳል። ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ይጻፉት።»

ፍራንካ አዲስ ወረቀት አወጣችና ብዕሯን ከፈተች። ሲኒት ሳጥኑ ላይ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠች። እንደዚያ ሲጠየቁ ያልተንቀጠቀጡት ገረዝጊሄር፣ እሷ ሙሉ ስሟንና የፔርሜሶዋን ቁጥር ለፖሊሷ ስታስጽፍ ሲሰሙ ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው ማልቀስ ጀመሩ።