ባዶው መስመር

«ይቺን ዘለልሻት» አለ አባቷ፣ ግሪስ የበላው አውራ ጣቱን ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ጫን አድርጎ።

ጤናዬ እውነትም ዘላት ነበር። የሌላ አገር የመንገድ ሕግ የሚያስተምረው ቀጭኑ መጽሐፍ ሥዕል ይበዛዋል፤ ቀስቱን፣ መብራቱን፣ የእግረኛ ማቋረጫውን በሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛዋ አንበርክካዋለች። ይቺ ገጽ ግን ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ናት። ከሥር ብቻ አንዲት ሥዕል አለች፦ መኪና የታጨቀባቸው ሁለት መስመሮች፣ ከጎናቸው በቢጫ ቀለም የተከለለ ባዶ መስመር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጥፍር የምታህል አውቶቡስ።

አላውቀውም ማለት ይቻል ነበር። ግን የመካኒሳ አቦ ልጆች «ፈረንጇ» የሚሏት፣ አባቷ ጋራዥ ለሚያገኘው ሁሉ «ልጄ እንግሊዝኛን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው» እያለ የሚያወራላት ጤናዬ፣ አላውቅም የምትለው በየትኛው አፏ ነው?

አባቷ አቶ መኩሪያ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤት መኪና ነድቷል። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አማርኛውን እየለቀመ ያነባል፤ እንግሊዝኛው ግን አጠገቡም አያስደርሰው። አሁን ቡልጋሪያ ላለው ኤምባሲ ሹፌር ተፈልጓል። የሚፈተኑት እሱና ነጋ የሚባል ባልደረባው ናቸው። ያለፈው ሶፊያ ይሄዳል፤ የወደቀው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ስንቅ በሚያደርሰው ኮንቮይ ካሚዮን ይነዳል። ባለፈው ዓመት ከመሥሪያ ቤቱ በኮንቮይ ከሄዱት አራት ሹፌሮች የተመለሰ የለም። ቤት ውስጥ ይህን ማንም አያነሳም። እናቷ ተሾመች ብቻ ወፍራም ሹራብ ትሠራለች፤ ለምን ሲሏት ሶፊያ ብርድ ነው ትላለች።

ጤናዬ ሥዕሏን ደጋግማ አየቻት። ባዶ መንገድማ እሷም ታውቃለች። ትራፊኩ ፊሽካ ሲነፋ መኪናው ሁሉ ጥግ ይይዛል፣ አስፋልቱ ጭር ይላል፣ ከዚያ መጋረጃ ያላቸው ጥቁር መኪኖች ሽው ብለው ያልፋሉ። አውቶቡስ እንደሆነ በሩ ላይ ሰው አንጠልጥሎ፣ ጭሱን እየተፋ፣ ጭነት ከያዙ አህዮች ጋር የሚጋፋ ነገር ነው። ለአውቶቡስ ብሎ መንገድ የሚጠርግ ማን አለ?

«ለባለሥልጣን ነው» አለች። «ባዶ ሆኖ ካየኸው ጥግ ትይዝና ሞተር ታጠፋለህ፣ እስኪያልፉ።»

«ይሄማ የኛው ነው» አለ አባቷ ፊቱ ፈካ ብሎ፤ ከሥዕሏ ጎንም በእርሳስ «ጥግ ያዝ» ብሎ ጻፈ። ፊደሎቹ አንዱ ካንዱ ተራርቀው ቆሙ።

ፈተናው ሐሙስ ነበር፣ በቃል። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ጤናዬ ገና ከአጥሩ በር አረማመዱን አይታ ገባት።

ታሪኩን የነገረው ለተሾመች ነው፣ ጫማውን ሳያወልቅ። ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። የጠየቁትን ሁሉ መልሷል፤ አንዱማ ጎበዝ ብሎታል። በመጨረሻ ያቺን ሥዕል አሳዩት። ባዶ ሳየው ጥግ ይዤ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ ባለሥልጣኑ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ አለ። ሁለቱ ሳቁ። ሦስተኛው፣ ካድሬው፣ አልሳቀም። በወንድም ሶሻሊስት አገር መንገድ የሚከለለው ለሰፊው ሕዝብ አውቶቡስ መሆኑን ነግሮት፣ ይህን ባለሥልጣን የሚሉትን ማን እንዳስተማረው ጠየቀው።

«ምን አልከው?» አለች ጤናዬ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ከራሴ ነው አልኩት። ያንቺ ስም እዚያ ምን ይሠራል?» አባቷ እንደ መሳቅ ብሎ ግንባሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «አንቺማ ያለውን ነው ያነበብሽልኝ። እኔ ነኝ ያደበላለቅኩት። ይሄ ደረቅ ጭንቅላት መች ትምህርት ይዞ ያውቃል።»

ሶፊያ የሚሄደው ነጋ ሆነ፤ ኮንቮዩ ሰኞ ይነሳል። ተሾመች ሹራቡን አንስታ አንድ እጅጌ የቀረውን እንደገና መሥራት ጀመረች።

«እዚያም ብርድ ነው» አለች።

ጤናዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ አባቷ እንደሆነ ጥፋቱን ጠቅልሎ ወስዶላታል። ብትናገርም ኮንቮዩ አይቀርም፣ ካድሬውም ቃሉን አያጥፍም። ብቻ አባቷ ያንን ሁሉ ዳገት የሚወጣው የገዛ ጭንቅላቱን እየረገመ ነው።

መጽሐፉን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደችው። ገጽ ሠላሳ አንድ በራሱ ተገለጠ፤ «ጥግ ያዝ» እዚያው ነበር። ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠችና ጣቷን ትንሿ አውቶቡስ ላይ አደረገች።

«አባዬ» አለች፣ «እኔ ይቺን ገጽ አላነበብኳትም።»