ናርዶስ አላጨበጭብም አለች

ኳ! ኳ! ኳ!

ይህ የአናጺ መዶሻ አይደለም። በር የሚያንኳኳ እንግዳም አይደለም።

ይህ የዙፋን ጫማ ነው።

ዙፋን ባሌት ትደንሳለች። በእግሯ ጣቶች ጫፍ ቆማ እንደ እንዝርት ትሽከረከራለች።

የባሌት ጫማዋ ጫፉ እንደ እንጨት ጠንካራ ነው። አዲስ ሲሆን መድረክ ላይ ይጮኻል። ስለዚህ ዙፋን ከአዳራሹ ደጃፍ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ከድንጋዩ ጋር እያጋጨች ታለሰልሰዋለች።

ኳ! ኳ! ኳ!

ናርዶስ ይህን ድምፅ ስትሰማ የጎረሰችውን ሳትውጥ ትሮጣለች። ቤቷ ድሬዳዋ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከአዳራሹ ፊት ለፊት።

«ስንት ቀረው?» ትላለች ናርዶስ።

«አሥር» ትላለች ዙፋን። ከዚያ አብረው ይቆጥራሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ አዳራሹ ይገባል። ዙፋንን ሊያይ!

ግን አንድ ችግር አለ። በዚያ አዳራሽ መብራት ይሄዳል።

ዙፋን መሽከርከር ስትጀምር፣ ድርግም! አምፖሉ ይጠፋል። ስፒከሩም ጸጥ ይላል።

በመስኮቶቹ ፀሐይ ስለሚገባ ዙፋን ትታያለች። ሙዚቃ ግን የለም።

ታዲያ የሰፈሩ ሰው ምን ያደርጋል? ያጨበጭባል!

ጧ! ጧ! ጧጧጧ! ጧ! ጧ! ጧጧጧ!

ዙፋንም በጭብጨባው ትደንሳለች። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ አንድ ጊዜም አትቆምም።

ይህን ጭብጨባ የጀመረችው ናርዶስ ናት። ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የአባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ነበር። አሁን ስድስት ሆኗታል።

አንድ ማክሰኞ ናርዶስ ሳምቡሳ ልትገዛ ወደ አዴ ዘሃራ ሄደች።

አዴ ዘሃራ ተቆጥተዋል። ጭልፋቸውን በመጥበሻው ጠርዝ ላይ ቃ! ቃ! ያደርጋሉ።

«ሰማሽ ናርዶስ? ዙፋን ልትሄድ ነው! አዲስ አበባ የባሌት ቡድን ልትገባ ነው አሉ!»

የናርዶስ ሳምቡሳ ከእጇ ወደቀ።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ቶሎሳ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከሱቃቸው ወጡ።

«ሰባት መርፌ!» አሉ። «ነጭ ቀሚሷን ስሰፋ ሰባት መርፌ ሰብሬያለሁ! ሰባት! አሁን ለብሳው ልትሄድ?»

«የኔን ሳምቡሳ በልታ አይደል እንዲያ የምትዘለው!» አሉ አዴ ዘሃራ። «አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሳምቡሳ አለ? እስቲ አምጡና አሳዩኝ!»

«ለእኔ እንኳን ሳትነግረኝ!» አለች ናርዶስ። ከሁሉም የባሰው ይህ ነበር።

«ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ትደንሳለች» አሉ አዴ ዘሃራ። «እኛ ግን አንሄድም! ለባዶ ወንበር ትደንስ!»

ጋሽ ቶሎሳ አገጫቸውን አከኩ። «ኧረ እንሂድ» አሉ። «ካልሄድንማ፣ አለማጨብጨባችንን በምን ታያለች?»

እውነት ነው! ሦስቱም እጃቸውን አጣመሩ።

«አላጨበጭብም!» አሉ። «በፍጹም፣ በፍጹም አላጨበጭብም!»

የናርዶስ አባት ባጃጅ ነጂ ነው። ወሬው ባጃጁ ላይ ወጣ። ዳቦ ቤቱ ጋ ወረደ። ፀጉር ቤቱ ጋ ወረደ።

እስከ ሐሙስ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ነገር ይል ነበር።

«አላጨበጭብም! በፍጹም፣ በፍጹም አላጨበጭብም!»

ማታ ራት ቀረበ። ናርዶስ እጇን እንዳጣመረች ቁጭ አለች።

«ናርዶስዬ፣ እጅሽን አጣምረሽ እንዴት ትበያለሽ?» አለ አባቷ።

«ተናድጃለሁ» አለች ናርዶስ። «አጉርሰኝ።»

አባቷም አጎረሳት። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። እስክትጠግብ ድረስ።

ቅዳሜ ደረሰ።

ኳ! ኳ! ኳ!

ናርዶስ አልሮጠችም። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብላ መንገዱን ተሻገረች። «ስንት ቀረው?» ብላም አልጠየቀችም።

ዙፋን ደረጃው ላይ ጠጋ አለችላት። ናርዶስ ግን አልተቀመጠችም።

«ናርዶስዬ፣ ተቆጥተሻል?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«ከዚህ እስከ ባቡር ጣቢያው!»

ዙፋን ጫማዋን ጭኗ ላይ አኖረች። «መጀመሪያ ለአንቺ መንገር ነበረብኝ» አለች። «ግን ፈራሁ።»

ናርዶስ ደነቃት። ዙፋን በሰው ሁሉ ፊት ትደንስ የለ እንዴ? «ምን ያስፈራሻል?»

«አንቺ አትሂጂ ካልሽኝ፣ እቀራለሁ ብዬ።»

«አትሂጂ!» አለች ናርዶስ ወዲያው።

«እዚያ እኔ ገና የማልችለውን ዳንስ የሚችሉ ሰዎች አሉ» አለች ዙፋን። «መማር እፈልጋለሁ ናርዶስዬ። በጣም እፈልጋለሁ።»

«እሺ፣ እዚያ መብራት ሲሄድ ማን ያጨበጭብልሻል?»

ዙፋን ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

«እኔም አላጨበጭብም!» አለች ናርዶስ። «በፍጹም፣ በፍጹም!» ጥላት ገባች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁሉም ሰው እጁን አጣምሯል።

ናርዶስ ግን እጆቿን አላመነቻቸውም። እላያቸው ላይ ቁጭ አለችባቸው።

ሙዚቃው ተጀመረ። ዙፋን በነጭ ቀሚሷ ገባች። ዘለለች። ተንሳፈፈች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

ማንም አላጨበጨበም።

ጸጥ። አንድ ዝንብ ብቻ፣ ዝዝዝዝዝ።

ዙፋን ቀና አለች። ሁለተኛውን ዳንስ ጀመረች፤ የመሽከርከሩን።

አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሦስት…

ድርግም!

መብራቱ ሄደ። ሙዚቃው ቆመ።

ዙፋን በአንድ እግሯ፣ በጣቶቿ ጫፍ ላይ ቆማ ቀረች። አንድ እጇ ወደ ላይ ተዘርግቷል። ጠበቀች።

ጋሽ ቶሎሳ ጣሪያውን አዩ። አዴ ዘሃራ ወለሉን አዩ።

የዙፋን እግር ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

የናርዶስ እጆች ከሥሯ ተላወሱ። «አርፋችሁ ተቀመጡ!» አለቻቸው በሹክሹክታ።

የዙፋን እግር በጣም ተንቀጠቀጠ። አሁን ልትወድቅ ነው!

ናርዶስ አንድ እጇን አወጣች። በአንድ እጅ ግን አይጨበጨብም።

ሁለተኛውንም አወጣች።

ጧ!

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

ጧ! ጧ!

«ናርዶስ!» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ተነጋግረን አልነበረም እንዴ? ተናደናል ብለን!»

«ተናድጃለሁ!» ብላ ጮኸች ናርዶስ፣ ወንበሯ ላይ ቆማ። «እንደተናደድኩ አጨበጭባለሁ!»

ጧ! ጧ! ጧጧጧ!

አዴ ዘሃራ ብድግ አሉ። «እኔም ተናድጃለሁ!» አሉ። ጧ! ጧ! ጧጧጧ!

«ሰባት መርፌ!» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ሰባት!» ጧ! ጧ! ጧጧጧ!

አዳራሹ በሙሉ በንዴት አጨበጨበ። ግድግዳው ተነቃነቀ። ዝንቡም በመስኮት ወጥቶ ሄደ።

ዙፋን ተሽከረከረች። እየሳቀች ተሽከረከረች፤ እንባዋም አብሯት ተሽከረከረ።

መብራቱ ተመለሰ። ማንም ልብ አላለውም።

በማግስቱ ዙፋን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አዴ ዘሃራ ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልለው እጇ ላይ አኖሩላት።

«ለመንገድ ነው» አሉ ፊታቸውን አኮሳትረው። «የታረቅንሽ እንዳይመስልሽ!»

ጋሽ ቶሎሳ አንድ መርፌና ነጭ ክር ሰጧት። «ቀሚሱ ቢተረተር» አሉና ቶሎ ዞር ብለው አፍንጫቸውን ተናፈጡ።

ናርዶስ ምንም አልሰጠቻትም። አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፤ አባቷ ቀስ ብሎ እስኪያላቅቃት ድረስ።

አንድ ሳምንት አለፈ። ሦስተኛው ደረጃ ዝም አለ።

አንድ ምሽት ናርዶስ ፊቷን ታጥባ፣ አልጋዋ ላይ ወጥታ ነበር። የአባቷ ስልክ ጠራ።

«ናርዶስዬ! እኔ ነኝ፣ ዙፋን!»

ከዙፋን ኋላ ብዙ ሰው ያወራል።

«ልምምድ ላይ ነን፤ መብራት ሄደ! ሁሉም የስልኩን መብራት አብርቶ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል» አለች ዙፋን። «ማጨብጨቡን አያውቁበትም። እባክሽ አሳዪያቸው።»

«አያውቁም?» ናርዶስ አንሶላዋን ገፋ አድርጋ ተነሣች። «እንዴት አያውቁም!»

አባቷ ስልኩን ያዘላት። እሷም አጨበጨበች።

ጧ! ጧ! ጧጧጧ!

ከሩቅ፣ ከአዲስ አበባ፣ አንድ ሰው መለሰ። ጧ! ጧ! ጧጧ…

«አንድ ቀረህ!» አለች ናርዶስ። «ሦስት ነው! እንደገና!»

ጧ! ጧ! ጧጧጧ! አሁን ሁለት ሰው ነው። አሁን አሥር። አሁን ሁሉም!

በጭብጨባው መሐል ሌላ ድምፅ ተሰማ። የሚሽከረከር ጫማ ድምፅ። ሽው፣ ሽው፣ ሽው።

ናርዶስ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው።

በመጨረሻ ዙፋን ቁና ቁና እየተነፈሰች ስልኩን አነሣች። «ናርዶስዬ፣ አሁንም ተቆጥተሻል?»

ናርዶስ አሰበች።

«አዎ» አለች። «ግን ከዚህ እስከ በሩ ብቻ።»

አባቷ አንሶላውን አለበሳት። መብራቱንም ራሱ አጠፋው።

የናርዶስ ሁለት እጆች ትራሷ ላይ ተዘርግተው፣ እሷን ቀድመው ተኙ።